«ሌላ ማለት አልችልም ነበር» ብዬ እያመንኩ ይቅርታ ብጠይቅ መዋሸት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፤ የዓምድዎ የዘወትር አንባቢ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። አሁንም አብረን ነው የምንኖረው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ስለ ነፃ ፈቃድ ብዙ አነበብኩ። ሲጀመር ለጨዋታ ያህል ነበር፤ በኋላ ግን አልለቅህ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የማደርገው ሁሉ የሚመጣው ከማንነቴ ነው። ማንነቴ ደግሞ በዘር ከወረስኩት፣ ካስተዳደጌና ከአንጎሌ አሠራር የመጣ ነው። አንዱንም አልመረጥኩትም። «የለም፣ ውሳኔህ ያለ ምንም ምክንያት የመጣ ነው» ከተባልኩ ደግሞ አጋጣሚ ሆነ ማለት ነው፤ አጋጣሚም የእኔ ሥራ አይደለም። በየትኛው በኩል ብዞር መውጫ አጣሁ። ነፃ ፈቃድ በሎጂክ ደረጃ እንኳ ሊኖር የሚችል ነገር አይመስለኝም።

ሰው ጣቱን ለማንቀሳቀስ መወሰኑን ሳያውቀው አንጎሉ ቀድሞ ሥራ ይጀምራል የሚል ሙከራም አነበብኩ። አንድ ሌሊት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ ሞከርኩት። አመልካች ጣቴን እያየሁ ጠበቅኩ። ጣቴ ተነሳ። «ተነሳ» ብዬ ያዘዝኩበትን ቅጽበት ፈለግኩ፤ የለም። ከዚያ ወዲህ ራሴን መከታተል ማቆም አቃተኝ። ስናገር ቃሌን የምሰማው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አንዳንዴ የሚናገረው ሌላ ሰው ይመስለኛል። እንቅልፌም ተዛብቷል።

አንድ ቀን ማታ እህቴ ልብስ እያጠፈች «ለሥልጠናው መልስ ሰጠሃቸው?» አለችኝ። ለአንድ ሥልጠና ተቀብለውኝ፣ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ሳልል ዝም ብዬ ነበር። ደጋግማ ስትጠይቀኝ ተናደድኩ። «አንቺ ያሳደግሽኝ ወደሽኝ አይደለም፤ ሰው እንዲያመሰግንሽ ነው» አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ሳታጥፈው አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ሸሚዙ የእኔ ነበር።

በማግስቱ «ለምን እንደዚያ አልከኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የማምንበትን ነገርኳት። «በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር ማለት አልችልም ነበር። ማንም ቢሆን አይችልም» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። እውነቱን ለመናገር ዝምታዋ ስለበዛ እኔም ተቀይሜያታለሁ።

ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው «እንዲያ ባላደርግ እችል ነበር» እያለ አይደለም? ይህን ሳላምን ይቅርታ ብላት መዋሸቴ አይደለም? እሷን ደግሞ መዋሸት አልፈልግም። ሌላ ማለት ካልቻልኩስ ለምን ይጸጽተኛል? ነገሩ ሁሉ ከእጄ ውጭ ከሆነስ ቁጣዬን ለማስተካከል መልፋቱ ምን ይረባል?

ግራ የገባኝ አንባቢ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እሷን መዋሸት አልፈልግም ያልከው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ብዙ ሰው ነገር እንዲበርድለት ብቻ ከልቡ ያልሆነ ይቅርታ ይጠይቃል። አንተ ግን የምትላት ነገር እውነት እንዲሆን ብለህ ነው የቆየኸው። ስለዚህ እኔም «ተወው፣ ብዙ አታስብ» አልልህም። እንዲህ ያለ ሐሳብ አንዴ ከገባ ተወው ስለተባለ አይወጣም። ክርክሩን ራሱን አብረን እንየው። መልሴን ግን ከወዲሁ ልንገርህ፦ ሳትዋሽ ይቅርታ መጠየቅ ትችላለህ። ለዚያ ደግሞ ያመንክበትን ነገር መካድ አይጠበቅብህም።

ክርክርህ ጠንካራ ነው። ፈላስፋው ጌለን ስትሮሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ክርክር ከአንተ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የምታደርገውን የምታደርገው በማንነትህ የተነሳ ነው፤ ለምታደርገው ነገር እስከ መጨረሻው ተጠያቂ ለመሆን ለማንነትህም ተጠያቂ መሆን አለብህ፤ ለማንነትህ ተጠያቂ ለመሆን ደግሞ ቀድሞ የነበረ፣ ይህን ማንነት የመረጠ ሌላ አንተ ያስፈልጋል፤ ለእሱም ሌላ፣ ለዚያም ሌላ። ማለቂያ የለውም። ከእሱ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼ እ.ኤ.አ. በ1886 ባወጣው መጽሐፉ፣ ራሱን የፈጠረ ሰው ለመሆን መመኘትን የገዛ ፀጉሩን ይዞ ራሱን ከረግረግ ጎትቶ ለማውጣት ከመታገል ጋር አመሳስሎታል። አንዳንዶች በአተም ውስጥ ያለው የኳንተም አጋጣሚ መውጫ ይሆናል ይላሉ። ይህን አንተ ራስህ ዘግተኸዋል፤ ውሳኔዬን ዕጣ ቢያወጣልኝ የበለጠ ነፃ አልሆንም።

እኔም እዚህ ድረስ ከአንተ ጋር ነኝ። ከባዶ ተነስቶ ራሱን የሠራ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ይህ በአንጎል ምርመራ የሚረጋገጥ ነገር ሳይሆን ሐሳቡ ራሱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለሆነ ነው። ግን ልብ በል፣ ክርክሩ ያፈረሰው ይህንን ብቻ ነው። አታመዛዝንም፣ አትማርም፣ ምክንያት ሰምተህ ሐሳብህን አትቀይርም፣ ያደረግከውን መለስ ብለህ አትመረምርም አላለም። እነዚህን ሁሉ በደብዳቤህ ውስጥ ስታደርግ አይቼሃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እህትህ «ለምን እንደዚያ አልከኝ?» ስትልህ፣ ማንነትህን ከባዶ የፈጠርከው አንተ መሆንህን እንድታረጋግጥላት ፈልጋ ይመስልሃል?

አይመስለኝም። እሷ ማወቅ የፈለገችው በልብህ ውስጥ ምን ቦታ እንዳላት ነው። ያ ቃል የእውነት እምነትህ ነው? እነዚያን ሁሉ ዓመታት እንደዚያ ስታያት ነበር? ወይስ ንዴት የወለደው ነው? አንተ ግን ስለ ዓለም አሠራር መለስክላት። ያልጠየቀችውን መለስክ፤ የጠየቀችው እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ሳይብስባት አልቀረም። መጀመሪያ የሰደባት ወንድሟ ነበር። በማግስቱ ግን «የሰደበሽ ማንም አይደለም፤ ዝም ብሎ የሆነ ነገር ነው» ተባለች። እንዲህ የተባለ ሰው የሚቀየመውም፣ የሚታረቀውም ሰው ያጣል።

የጌለን ስትሮሰን አባት ፒተር ስትሮሰንም ፈላስፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ያነሳት ምሳሌ ለአንተ ጉዳይ የተጻፈች ትመስለኛለች። አንድ ሰው ሳያውቅ እጄን ቢረግጠኝና ሌላው ንቆኝ ቢረግጠኝ፣ ሕመሙ እኩል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ላይ ግን ሌላ ዓይነት ቅያሜ ይሰማኛል። ቅያሜዬ ከሕመሙ አይደለም፤ ሰውየው ስለ እኔ ያለውን ስሜት ስላሳየኝ ነው። ቅያሜ፣ ምስጋና፣ ይቅርታ፣ ፍቅር ሁሉም የሚያያዙት ከዚህ ጋር ነው። እነሱን ለመሰማት ዓለም በምን ሕግ እንደምትሄድ መጀመሪያ ማወቅ አያስፈልገንም። አባትና ልጅ በተጠያቂነት ጉዳይ ላይ እንዲህ የተለያየ ነገር መጻፋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኔ ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስለኛል፤ የተናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነውና።

«ሌላ ማለት አልችልም ነበር» ወዳልከው ልምጣ። እዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተደባልቋል። የመጀመሪያው፣ ከዓለም መጀመሪያ አንስቶ እስከዚያች ቅጽበት የሆነው ሁሉ ቅንጣት ሳይጎድል እንደነበረ ቢደገም ሌላ ነገር ከአፍህ ይወጣ ነበር ወይ የሚል ነው። ፈላስፋው ፒተር ቫን ኢንዋገን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን በደንብ አስቀምጦታል። ነገር ሁሉ በቀደመ ምክንያት የሚወሰን ከሆነ፣ ሥራችን እኛ ሳንወለድ ከነበረው ያለፈ ጊዜና ከተፈጥሮ ሕግ የሚከተል ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በእጃችን አይደሉም። እሺ፣ በዚህኛው ትርጉም አልቻልክም እንበል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በዚያች ሰዓት የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍተው ቢገቡ ኖሮ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ትጨርሰው ነበር? እህትህ «ዛሬ ሐኪም ቤት ውዬ ነው የመጣሁት» ብላህ ቢሆንስ?

ዋጥ ታደርገው ነበር ብዬ እገምታለሁ። እንዲያ ከሆነ ምላስህ በዚያች ሰዓት ከአንተ ውጭ አልነበረም። ምክንያት ቢያገኝ የሚቆም ምላስ ነበር። የሚጥል በሽታ ተነስቶበት እጁ ዕቃ የሰበረ ሰው፣ ሽማግሌ ስለገቡ እጁን አይሰበስብም። በእሱና በአንተ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ነገር ሁሉ በምክንያት የተያያዘ ቢሆንም እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም። ሰዎች በየዕለት ኑሯቸው «ትችል ነበር» ሲሉ የሚያወሩት ስለዚህኛው ችሎታ ነው። እህትህም ሌላ አልጠየቀችም።

ስለዚህ ይቅርታህ ምን ይዟል? ያ ቃል ከእኔ ነው የወጣው፤ ከሌላ ከየትም አልመጣም። የተናገርኩት ትክክል አልነበረም። አንቺን ጎድቶሻል። ዛሬ ከዚያ ቃል ጋር አልቆምም። እንዳይደገም ይህን ይህን እያደረግኩ ነው። እስቲ አንድ በአንድ መርምራቸው። የማታምንበት አለ? ያለፈውን ዓለም እንደገና አስጀምሮ ሌላ ውጤት ማምጣት ይቻል ነበር የሚል አንድም የለበትም።

ለምን ይጸጽተኛል ላልከውም መልሱ እዚሁ አካባቢ ነው። ሃሪ ፍራንክፈርት የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 እንደጻፈው፣ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ፍላጎት ያለው መሆኑ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ፍላጎቱ ላይም ፍላጎት ያለው መሆኑ ነው። መናደድ ትፈልጋለህ፤ መናደድ የማይፈልግ ሰው መሆንም ትፈልጋለህ። ጸጸትህ የሁለተኛው ድምፅ ነው። ስላለፈው የፊዚክስ መግለጫ እየሰጠ አይደለም፤ በዚያ ቃል ላይ አቋም እየወሰደ ነው። አንተ ራስህን እንደ ተመልካች ብቻ ማየት ከጀመርክ ቆይተሃል። ተመልካች ግን አይጸጸትም።

ስለ ጣቱ ሙከራ ደግሞ ትንሽ በዝርዝር ልበልህ፤ ሰላምህን የነሳህ እሱ ይመስለኛል።

ሙከራውን ያደረገው የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት ነው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። ሰዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካ ሽቦ ተደርጎላቸው፣ በ2.56 ሰከንድ አንዴ የሚዞር ነጥብ ያለበት ሰዓት ፊት ተቀመጡ። በፈለጋቸው ጊዜ እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱና ፍላጎቱ የተሰማቸው ነጥቡ የት ሲደርስ እንደነበር እንዲናገሩ ተጠየቁ። አንጎላቸው ላይ የመዘጋጀት ምልክት የታየው እጃቸው ከመንቀሳቀሱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ፍላጎቱ ተሰማን ያሉት ደግሞ 200 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አምስተኛ) ገደማ ሲቀረው ነው። ሊቤት ራሱ ከዚህ ተነስቶ ነፃ ፈቃድ የለም አላለም፤ በቀረችው ጊዜ ውስጥ ሰው እንቅስቃሴውን ማስቆም ይችላል ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጆን ዲላን ሄይንስና ባልደረቦቹ፣ ሰው የግራውን ወይስ የቀኙን ቁልፍ እንደሚጫን ከሰባት ሰከንድ በፊት ከአንጎል ምስል መገመት ቻሉ ተብሎ ብዙ ተወራ። ግምታቸው ልክ የሚሆነው ግን 60 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጭፍን ቢገምቱ 50 ያገኛሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ፣ ያ ቀዳሚ ምልክት የተወሰነ ውሳኔን ላያሳይ ይችላል አሉ። አንጎል ውስጥ ሁልጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ማዕበል አለ። አስቸኳይ ምክንያት የሌለው እንቅስቃሴ ማዕበሉ ከፍ ባለበት ሰዓት ላይ ይገጥማል። ተመራማሪው ከእንቅስቃሴው ወደ ኋላ እየቆጠረ የብዙ ሙከራዎችን አማካይ ሲያወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የዝግጅት ምልክት ያያል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሄይንስ ራሱ የተሳተፈበት ጥናት፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን መሰረዝ እንደሚችሉ አሳየ። ማስቆም የማይቻለው የመጨረሻዋ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ስትደርስ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያመጣሁልህ «ሳይንስ ነፃ ፈቃድ አለ ብሎ አረጋግጧል» ልልህ አይደለም። አላረጋገጠም። እንዲያ የሚል ሰው ካጋጠመህ እንደዚያኛው ወገን ሁሉ ተጠራጠረው። የምልህ ሌላ ነው። በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ ሰው እጁን አሁን የሚያንቀሳቅስበት ምክንያት የለውም። እንዲያውም «አታቅድ፣ ፍላጎቱ ራሱ ይምጣ» ተብሏል። አንተም አልጋህ ላይ ሆነህ ያደረግከው ይህንኑ ነው። ጣትህ በራሱ እንዲነሳ ቁጭ ብለህ ጠበቅክ፤ በራሱ ሲነሳ ደነገጥክ። ውሳኔው የነበረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ያነበብከው ከነከነህ፣ በራሴ ላይ ልሞክረው አልክ፣ ተነስተህ ተቀመጥክ፣ ጣት መረጥክ። ያንን ሁሉ ያደረገው ምክንያት ያለው ሰው ነው። አንተ ውሳኔውን የፈለግከው ከዚያ ተቆርጣ በቀረችው የመጨረሻ ቅንጣት ውስጥ ነው።

ስለ ቃላትም እንደዚሁ። ቃሌን የምሰማው ከወጣ በኋላ ነው ብለሃል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው። እያንዳንዱን ቃል ከመናገርህ በፊት አውቀህ መምረጥ ቢኖርብህ፣ ያ ምርጫም ራሱ በሌላ ምርጫ መመረጥ ይኖርበታል፤ ለዚያም ሌላ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጀምር ትቀራለህ። አየህ፣ ይህም ከላይ እንዳየነው ራስን የመፍጠር ሐሳብ በሎጂክ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ በውስጥህ ስታጣው ልትደነግጥ አይገባም። ማንም ኖሮት አያውቅም። የተነፈግከው ነገር የለም።

ታዲያ በንቃት መቆጣጠር የሚባል ነገር የት ነው ያለው? ቀደም ብሎ ነው። ንዴቱ ሳይመጣ፣ ረጋ ባልክበት ሰዓት። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ነገር አለ። «ቁጣዬን እቆጣጠራለሁ» ብሎ ማሰብ ብዙም አይረዳም። «ይህ ሲሆን፣ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ቁርጥ አድርጎ አስቀድሞ ማሰር ግን ይሠራል። እሱና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠና አራት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ደስ የሚለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያ ምላሽ ብዙ ሳታስብበት ከሞላ ጎደል በራሱ ይመጣል። በራሱ ይመጣል፤ ግን ያስቀመጥከው አንተ ነህ። ለአንተ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እህቴ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝና ደረቴ ሲግል ሲሰማኝ፣ ‘ትንሽ ቆይቼ ልመልስልሽ’ ብዬ ከክፍሉ እወጣለሁ።» በገዛ ቃልህ ጻፈው። የሚግለው ደረትህ ካልሆነ፣ መንጋጋህ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እሱን ጻፍ። ንዴት ወዳንተ የሚመጣበትን መንገድ የምታውቀው አንተ ነህ።

ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ መልፋት ምን ይረባል ላልከው፣ ይህ ጥያቄ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በጥንት ግሪክ «ልትድን ከተጻፈልህ ሐኪም ብትጠራም ባትጠራም ትድናለህ፤ ስለዚህ አትጥራ» የሚሉ ነበሩ። ክርክሩ የሰነፎች ክርክር ይባል ነበር። ክሪሲፐስ የሚባለው፣ ስቶይክ ከሚባለው የጥንት ግሪክ የፍልስፍና ወገን የሆነ ፈላስፋ፣ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል ብሎ የሚያምን ሰው ሆኖ ሳለ፣ አልተቀበለውም። ተጽፎ ከሆነ ሁለቱ አብረው ነው የተጻፉት፤ ሐኪሙን መጥራትህም፣ መዳንህም ነው ያለው። ይቅርታ መጠየቅህ ከምክንያቶቹ ሰንሰለት ውጭ የቆመ አይደለም። ራሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሳትጠይቃት የሚመጣው ነገና ጠይቀሃት የሚመጣው ነገ አንድ አይሆኑም። ዓለም በምክንያት የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ይሄ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

ዊልያም ጄምስ፣ በኋላ ታላቅ የሥነ ልቦና ሊቅ የሆነው፣ 28 ዓመቱ ሳለ በዚሁ ጥያቄ ተጨንቆ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1870 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ፣ የነፃ ፈቃዱ የመጀመሪያ ተግባር በነፃ ፈቃድ ማመን እንደሚሆን ጻፈ። አንተ እንደሱ እንድትወስን አልጠይቅህም፤ ማመን በትእዛዝ አይመጣም። እኔን የሳበኝ እዚያው ላይ የጻፈው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ማሰላሰሉን ለጊዜው ገታ አድርጎ ጥሩ ልማዶችን ወደመገንባት ለመዞር ወሰነ። ይህ ለአንተም የሚሆን ይመስለኛል።

አሁን ትንሽ የሚጎረብጥ ነገር ልንገርህ፤ እንደ ታላቅህ ቁጠረኝ። ለራስህ ንግግር «ሌላ ማለት አልችልም ነበር» አልክ። ለእህትህ ዝምታ ግን «ተቀይሜያታለሁ» አልክ። እሷስ ዝም ከማለት ውጭ ትችል ነበር? ክርክሩ እውነት ከሆነ ለሁለታችሁም ነው። ይህን የምለው ላሳፍርህ አይደለም። እኛ ሁላችንም እንዲህ ዓይነቱን ሐሳብ መጀመሪያ የምናነሳው ራሳችንን ለመሸፈን ነው። ግን ወደ ሌላው ስታዞረው በጣም ደግ ሐሳብ ይሆናል። ለምን ደጋግማ እንደምትጠይቅህ አስብበት። እናቷ ስታርፍ ዕድሜዋ ስንት ነበር? ያንተን ነገር ረስታ ብትተኛ ማን ያስታውሳት ነበር? ያ ሁሉ መጠየቅ ከየት እንደመጣ ስታይ፣ ንዴትህ በራሱ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። ለራስህም ቢሆን በዚህ ዓይን እየው። የሆነውን አምኖ መቀበል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ራስን መግረፍ አያስፈልግም።

እንግዲህ ስታናግራት ፍልስፍናውን ቤት አታስገባው። «ታውቂያለሽ፣ በአንድ በኩል ግን…» ብለህ ከጀመርክ አበቃ። አጭር ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ የምል ይመስለኛል፦ «ያን ቀን ያልኩሽ እውነት አይደለም። ልጎዳሽ ፈልጌ ነው ያልኩት፤ ጎዳሁሽም። ለምን እንደዚያ አልከኝ ስትዪኝ ደግሞ ላንቺ መመለስ ሲገባኝ ሌላ ነገር አወራሁ። እሱም አሳፍሮኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚያ ዝም በል። ልጎዳሽ ፈልጌ ነው የሚለው ከከበደህ፣ በእርግጥ ያ ነበር ወይ ብለህ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ። ካልነበረ አትበለው። የአንተ ይቅርታ ዋጋው ያለው እውነት በመሆኑ ነውና የማታምንበትን ቃል ከእኔ አትዋስ።

ልታለቅስ ትችላለች። ልትቆጣም ትችላለች፤ የቆየ ነገር ልታነሳብህም ትችላለች። ወይም «እሺ» ብላ ብቻ ትሄዳለች። ይቅርታ ስለጠየቅክ ወዲያው እንድትመለስልህ አትጠብቅ። በነጋታው «አሁንም ተቀይመሻል?» እያልክ አትወትውታት። ስለ ሥልጠናው የጠየቀችህን ግን መልስላት፤ ያ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። እሄዳለሁ ካልክ እሄዳለሁ በላት፤ ካልፈለግከው አልፈልገውም በላት። ውሳኔው ከየት እንደሚመጣ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ወረቀት ላይ የሚያስፈራህንና የሚስብህን ጻፍ፤ ከአንድ ከምታምነው ሰው ጋር አውራው፤ ከዚያ ቀን ቁረጥ። ሰው የሚወስነው እንደዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሐሳቡ ለይተህ እንድታየው እፈልጋለሁ። የሚናገረው ሌላ ሰው ይመስለኛል፣ ራሴን መከታተል ማቆም አቃተኝ፣ እንቅልፌ ተዛብቷል ብለሃል። እንዲህ ከራስ ርቆ የመቆም ስሜት በጭንቀትና በእንቅልፍ እጦት ጊዜ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው፣ ባለሙያዎች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። አእምሮህን ልትስት ነው ማለት አይደለም። የክርክሩ ማረጋገጫም አይደለም። ለጊዜው ማታ ማታ በዚህ ርዕስ ላይ ማንበብና ማየት አቁም፤ ቀን ላይ አንብበው። ራስህን ስትከታተል ስታገኘው አትታገለው፤ እጅህ ወደያዘው ሥራ ተመለስ። ስሜቱ ከቀጠለ፣ ወይም ሥራህንና ውሎህን እያወከ ከሄደ፣ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂድ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀን አትቁጠር፤ በዚያው ዕለት ሂድ። ስትሄድም ስለ ሊቤትና ስለ ስትሮሰን ለማውራት አትቸኩል። መቼ እንደጀመረህ፣ በምን ሰዓት እንደሚብስብህ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ንገራቸው።